ዶሮዎቹ ምን አጠፉ?



በዚህ ዓምድ ዘወትር የምታነቡት ስለ ዒባዳ፣ ስለ ልጆች ተርቢያ፣ ስለ ጎረቤት ሐቅ ነው። ዛሬ ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ፣ ያውም ስለ ዶሮ መተኮሻ ጨዋታ ላወጋችሁ መነሳቴ ‹‹ኡስታዙን ምን ነካው?›› ሳያሰኝ አይቀርም። ልጅ የሚያስተምር ሰው ልጆቹ የሚስቁበትን ነገር ካላወቀ ተማሪዎቹን በግማሽ ብቻ ነው የሚያውቃቸው የሚል እምነት ስላለኝ ነው። ደግሞም ጉዳዩ ከጎረቤት ሐቅ ብዙም እንዳልራቀ እያነበባችሁ ስትሄዱ ታዩታላችሁ።

ጨዋታው ‹‹ቺክን ኢንቬደርስ›› ይባላል፤ ወራሪዎቹ ዶሮዎች እንደ ማለት ነው። የቦንጋ ልጆች ግን ‹‹የዶሮ ጌም›› ብለው ጨርሰውታል። የሠራው ኮንስታንቲኖስ ፕሩስካስ የተባለ ግሪካዊ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሁለተኛው ደግሞ በ2002 ወጥቷል። ስሙ ራሱ ቀልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ጃፓኖች ሠርተው ዓለምን ያዳረሰ ‹‹ስፔስ ኢንቬደርስ›› የሚባል ጨዋታ ነበር፤ ከላይ በሰልፍ የሚወርዱ የሕዋ ጠላቶችን ከታች ሆኖ መተኮስ ነው። ግሪኩ እነዚያን አስፈሪ ጠላቶች አነሣና በቦታቸው ዶሮ ተካ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከሩቅ ሕዋ የመጡ ዶሮዎች ምድርን ይወርራሉ። የመጡበትም ምክንያት አለ፤ በምድር ላይ ያሉ ዶሮ ወገኖቻቸው በሰው ልጅ እጅ የደረሰባቸውን ግፍ ሊበቀሉ ነው! የሰው ልጅ ደግሞ የቀረችው አንዲት መንኮራኩር ናት፤ እርሷን የሚነዳው ልጁ ነው። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን እያራገቡ በሰልፍ ይደረደሩና እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላል የነካት መንኮራኩር አበቃላት። የተመታች ዶሮ ደግሞ ትጮኻለች፣ ላባዋ ይበተናል፣ ወዲያው የተጠበሰ ጭን ሆና ትወርዳለች፤ ልጁም ጭኑን ይለቅማል። አልፎ አልፎ እንደ ስጦታ የታሸገ ሳጥን ይወርዳል፤ እርሱን የያዘ መሣሪያው ይጠነክርለታል። በሁለተኛው ክፍል ጦርነቱ ከፕላኔት ወደ ፕላኔት እየተሻገረ ይቀጥላል። ሰልፉ ሳያልቅ ማለፍ የለም፤ የመጨረሻዋ ዶሮ እስክትወድቅ ድረስ ተጫዋቹ እዚያው ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ወደ እኛ መድረሳ የገባው በፍላሽ ነው። አንድ ነጋዴ ልጆቹ ጽሕፈት ይለማመዱበት ብሎ የሰጠን አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ጨዋታውን ማን እንዳስገባው በጠየቅኩ ቁጥር ሁሉም እርስ በርስ ይተያያሉ። የሳምንቱን ሙራጀዓ የጨረሰ ልጅ ሐሙስ ከዐስር በኋላ ሩብ ሰዓት ይፈቀድለታል። ቦንጋን የሚያውቅ ዝናቧን ያውቃል፤ ሜዳው ጭቃ በሆነበት ወራት ኳስ የለም፣ ሩጫ የለም፤ እናም ሃያ ልጅ በአንድ ኮምፒውተር ዙሪያ ይሰበሰባል። መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚሰማውን ጩኸት ለእናንተ ግምት እተወዋለሁ።

ነገሩ ከቀልድ ያለፈው በአንድ የቡና ለቀማ ሰሞን ነው። አንድ አባት ልጁን በክንዱ ይዞ መጣ። ልጁ የጎረቤታቸውን ዶሮ በድንጋይ መትቶ ክንፏን ሰብሯል። ጎረቤቲቱ ክርስቲያን ናት፤ ባሏ ሞቶባት ለልጆቿ ደብተርና እስክሪብቶ የምትገዛው ከዚያች ዶሮ እንቁላል ነው። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ የምንኮራበት ደን ቢሆንም፣ ዳሩ ላይ ዶሮ ለምታረባ ሴት ግን የሸለምጥማጥና የጭልፊት ሰፈርም ነው። ፈንግል ሲገባ ደግሞ መንጋውን በአንድ ሳምንት ይጠርገዋል። ከዚህ ሁሉ የተረፈች ዶሮ በሕፃን ድንጋይ ስትሰበር ምን እንደሚሰማት አስቡት።

አባትየው ‹‹ኡስታዝ፣ ልጄን ያበላሸው ይህ ጨዋታ ነው፤ ሐራም ነው በሉና ይጥፋልን›› አለኝ።

ልጁን ለብቻው ጠየቅኩት። ወረፋ ደርሶት የተጫወተው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ድንጋይ መወርወሩን ግን ኮምፒውተሩ ከመምጣቱ በፊትም ያውቅበታል። አባቱንም በጨዋታ መልክ ‹‹እርስዎ በልጅነትዎ የሰው ዶሮ መትተው አያውቁም?›› ብለው መሬት መሬት አየና ፈገግ አለ። ለማንኛውም የዶሮዋ ጉዳይ የሐቅ ጉዳይ ነውና በዚያው አለቀ፤ ልጁ ቡና ለቅሞ ባገኘው ገንዘብ ቄብ ዶሮ ገዝቶ ራሱ በእጁ አደረሰላት። ሴትየዋም ቡና አፍልታ አስቀመጠችን።

የቀረው የጨዋታው ጉዳይ ነው። ‹‹ሐራም›› የምትለዋ ቃል በምላስ ላይ ቀላል ብትሆንም አላህ ዘንድ ከባድ ናት። እኔም መድረሳ ያሳደገኝ አስተማሪ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ከዒሻ በኋላ እየተቀመጥኩ ተጫወትኩት። ጣቶቼ ለእንዲህ ዓይነት ነገር አልተፈጠሩም፤ በመጀመሪያው ምሽት እንቁላሉ ፋታ አልሰጠኝም። በመስኮት ያሾልኩ የነበሩ ሁለት ተማሪዎቼ ሳቃቸውን ለማፈን አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው ነበር።

እንደ ጨዋታ ልመዝነው ከተባልኩ፣ አሳቂ ነው። የሰው ደም አይፈስበትም፣ የብልግና ሥዕል የለበትም። ዶሮዎቹ ሲደረደሩ ሰልፍ የወጣ ጦር ይመስላሉ፤ ዓይናቸው ግን የዶሮ ዓይን ነው፣ ምንም አይገባቸውም። የኛን ልጆች ከሁሉ የሚያስቃቸው የጭኑ ነገር ነው። በየቤታቸው ዶሮ እንዴት ወጥ እንደሚሆን አይተዋልና! ቢስሚላህ የለ፣ ቢላ የለ፣ የፈላ ውኃ የለ፣ ላባ መንጨት የለ፣ እናት ጎንበስ ብላ በሎሚና በጨው ደጋግማ ማጠብ የለ፤ ተኩስ ብቻ፣ ከዚያ ጥብስ። አንዱ ተማሪዬ ‹‹ኡስታዝ፣ ይህ ጭን በክት ነው፣ አልበላም›› ብሎ ሲሸሽ መንኮራኩሩ እንቁላል ላይ ወደቀችበት።

ጉድለቱ ደግሞ ድግግሞሹ ነው። ከብዙ ሰልፍ በኋላ ሌላ ሰልፍ፣ ከዚያ ሌላ። እጅ ይለምደዋል፣ ልብ ግን ምንም አያገኝም። ሩብ ሰዓት የተባለው ልጅ ‹‹ይህችን ብቻ›› ይላል፤ ‹‹ይህችን ብቻ›› መቼም አታልቅም። ስለ አዛን ሰበብ ለሚያቀርቡት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጨዋታው ማቆሚያ አለው። አይቼዋለሁ። ዶሮዎቹ ክንፋቸውን እንደዘረጉ ደርቀው ይጠብቃሉ።

የወደድኩለት ነገር ቢኖር ለሁለት መጫወት መቻሉ ነው። ሁለት ልጆች በአንድ ኮምፒውተር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለት መንኮራኩር ይነዳሉ። ስጦታው ሲወርድ ማን ይያዘው? ለዓመታት ሳስተምረው ያላየሁትን ጠባይ በአሥር ደቂቃ ያየሁበት ልጅ አለ። ትልቁ ሁልጊዜ ይነጥቃል ብላችሁ እንዳትገምቱ፤ ከሁሉ የሚጮኸው ልጅ መሣሪያው ለደከመበት ጓደኛው ስጦታውን ትቶለት ሲያልፍ አይቻለሁ። ዝምተኛውና ምስጉኑ ሐፊዝ ደግሞ አንድም ሳጥን ለማንም አላስቀረም።

በከተማችን ትልልቆቹ ወጣቶች የሚጫወቱት ግን ይህን አይደለም። ቦንጋ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ክልል መዲና ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲም አላት፤ ስልኩም ኢንተርኔቱም በዚያው ልክ በዝቷል። በስልካቸው ያለው እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የወጣው ፍሪ ፋየርና በ2018 የተከተለው ፐብጂ ነው። በዚያ የሚወድቀው ዶሮ አይደለም፣ ሰው ነው። በፐብጂ መቶ ሰው በፓራሹት ይወርዳል፤ ሌሎቹን ጨርሶ የቀረው አሸናፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ተጫዋቹ ኃይል ለማግኘት በጣዖት ፊት የሚንበረከክበት ነገር ተጨምሮበት የአል-አዝሐር የፈትዋ ማዕከል አስጠንቅቋል፤ አዘጋጆቹም ይቅርታ ጠይቀው አንሥተውታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የሀገራችን ክፍል ስንቱ ወጣት እንደረገፈ ለምናውቅ ለእኛ፣ ሰው እየተኮሱ ‹‹አንድ ወደቀ፣ ሁለት ወደቀ›› ማለት እንደ ዶሮው ቀልድ የሚታለፍ አይመስለኝም። ለዚያኛው ለብቻው መጻፍ ያስፈልጋል።

ወደ ዶሮዎቹ ልመለስ። ኪታቤን ስገልጥ ልቤ ቀጥ ብሎ የሄደው ወደ ዐብደላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። በቡኻሪም በሙስሊምም ሰፍሯል። ኢብኑ ዑመር በመንገድ ሲያልፉ ወጣቶች ዶሮ አስረው ዒላማ አድርገው ሲወረውሩባት አገኙ። ወጣቶቹ ሲያዩአቸው ተበታተኑ። እርሳቸውም ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ ያደረገን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንደረገሙ ተናገሩ። በአንደኛው ዘገባ ወጣቶቹ ዒላማውን የሳተ ቀስት ሁሉ ለወፏ ባለቤት እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ባለቤቱ በእንስሳዋ ሥቃይ ያተርፍ ነበር ማለት ነው። በሰዓት የሚያስከፍል የጌም ቤት ያኔም ነበር እንዴ አልኩ በልቤ።

ታዲያ የኛ ልጆች ከነዚያ ወጣቶች ጋር አንድ ናቸው? አይመስለኝም። የተከለከለበት ምክንያት የነፍሲቱ ሥቃይ ነው፤ በመስተዋቱ ላይ ያለችው ዶሮ ብርሃን እንጂ ነፍስ የላትም። ስለ ሥዕል ዑለማዎች የተለያዩበትን እዚህ አላነሣውም። በሌላ በኩል ደግሞ እኛን ሐበሾችን በቀጥታ የሚነካ ሐዲስ አለ። በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) ጠጠር አንሥተው ሊያባርሯቸው ሲሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተዋቸው አሉ። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ከነቢዩ ኋላ ሆነው እስኪበቃቸው ተመልክተዋል። የጦር ጨዋታ በመስጂድ ውስጥ ለቅድመ አያቶቻችን ከተፈቀደ፣ እኔ ለዶሮ ቀልድ ጠጠር ለማንሣት እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለአባትየውም የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ጨዋታው በሰዓቱ ይሁን፣ ድንጋዩ ግን ዛሬውኑ ይቁም።

ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ነበር። የኢብኑ ዑመርን ታሪክ ለልጆቹ ስነግራቸው ግን ከኋላ የተቀመጠች የአሥር ዓመት ልጅ እጇን አነሣች። ‹‹ኡስታዝ፣ በጌሙ ውስጥ ዶሮዎቹ የመጡት ተበድለው ነው አይደል? ታዲያ ምን አጠፉ? የተበደለን ለምን እንተኩሳለን?››

ወንዶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የመዝሉም ዱዓ ከአላህ ዘንድ መጋረጃ እንደሌለበት ባለፈው ሳምንት ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ። በቂያማ ቀን ቀንድ የሌላት ፍየል እንኳ ከወጋቻት ባለቀንድ ፍየል ሐቋን እንደምትቀበልም ነግሬያቸዋለሁ። ልጅቷ ሁለቱን ትምህርት አገናኝታ ሦስተኛውን ጠየቀችኝ። የቀልዱ ውል ያለው እዚያ ነው አልኳት፤ ሠሪው ክሱን ለዶሮዎቹ፣ መሣሪያውን ለእኛ ሰጠ፣ ሰውም ከሳሹን እየተኮሰ ይስቃል። በሀገራችን ልጆች የተሠራ ‹‹ኩኩሉ›› የሚባል የስልክ ጨዋታም አሳየኋት፤ ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ነው። በዚያ ባለታሪኳ ዶሮዋ ናት፤ ከሚያሳድዳት ገበሬ እየሮጠች ታመልጣለች። ወደደችው፤ ስልኩ ግን የእኔ ነው፣ ሐሙስ ደግሞ ያለው ኮምፒውተሩ ነው።

በተከታዩ ሐሙስ ተራዋ ደረሰ። ተቀመጠች፣ ጨዋታውን ከፈተች፣ ጣቷን ከመተኮሻው ላይ አነሣች። እንቁላል ከግራ ሲመጣ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ሲመጣ ወደ ግራ። አንድም ጥይት አልተኮሰችም። ዶሮዎቹ ስለማይወድቁ ሰልፉ አያልቅም፤ ሰልፉ ስለማያልቅ ጨዋታው ወደፊት አይሄድም። ቀድመዋት የተጫወቱት ልጆች በሩብ ሰዓት አምስትና ስድስት ሰልፍ አልፈው ነበር፤ እርሷ እዚያው የመጀመሪያው ላይ ናት። ‹‹ተኩሺ እንጂ!›› ይሏታል። ዝም። ‹‹ኡስታዝ፣ ጌሙን አበላሸችብን!›› ይላሉ። ሰዓቴን አየሁ፤ ገና አራት ደቂቃ ቀርቷት ነበር።