ቅርንጫፉ መልሶ ያቆጠቁጣል

«ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ፤ ጸልዩልኝ» የሚል የጸሎት ርዕስ በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ያልሰማ ማን አለ? የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ በየሳምንቱ ይመጣል። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን ተፈታኞችን አስጠናለሁ። ስለዚህ በርዕሱ እጸልይበታለሁ፤ በጭንቅላት ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለም እጠይቃለሁ።

በዚህ ጥያቄ ብዙ ያስተማረኝ ብሩስ ማክዩን የተባለ አሜሪካዊ የአንጎል ተመራማሪ ነው። በኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ለአሥርተ ዓመታት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. አርፏል። እ.ኤ.አ. በ1968 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው የአይጦች ጥናት፣ የውጥረት ሆርሞን በደም ተጉዞ ሂፖካምፐስ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል እንደሚገባና እዚያ እንደሚያዝ አሳየ። ሂፖካምፐስ አዲስ ነገር በትዝታ እንዲቀረጽ የሚያደርግ ክፍል ነው። ውጥረት ልብ ከማስመታት አልፎ ትዝታ የሚሠራበት ጓዳ ድረስ ይዘልቃል ማለት ነው።

ማክዩን ግን ውጥረትን ጠላት ብቻ አላደረገውም። ለአጭር ጊዜ ሲመጣ ያነቃናል፤ አስፈላጊውንም ነገር እንድናስታውስ ይረዳል። ጉዳቱ ሳይበርድ ሲቆይ ነው። በቤተ ሙከራው አይጦች በቀን 6 ሰዓት፣ ለ21 ቀናት እንዳይንቀሳቀሱ ሲታገዱ፣ በሂፖካምፐስ ያሉ የነርቭ ሴሎች ቅርንጫፎች አጠሩ። ሴሎቹ ግን አልሞቱም። ውጥረቱ ሲነሣላቸው ቅርንጫፎቹ መልሰው አደጉ።

በሰውም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ማክዩን ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ፣ ለአንድ ወር ያህል ለከባድ ፈተና ሲዘጋጁ የቆዩ የሕክምና ተማሪዎችን አጠና። የተጨነቁት ተማሪዎች ትኩረታቸውን ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ማዞር አቅቷቸው ነበር። ውጥረቱ ከቀነሰ ከአንድ ወር በኋላ ግን ችግሩ ለቀቃቸው።

ይህ ለእኔ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። ከማስጠናቸው መካከል አንዲት ቀለሜ ልጅ ነበረች፤ ዓመቱን ሙሉ ሌሎቹ ያልገባቸውን የምታስረዳው እሷ ነበረች። እናቷ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ታስተምራታለች። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ሌሊቱን ሙሉ ታጠና ጀመር። አንድ ቅዳሜ ደብተሯን ዘጋችና፣ «ቲቸር፣ ጭንቅላቴ ባዶ ሆኗል። እግዚአብሔርም ትቶኛል መሰለኝ። ፈተናውን አልቀመጥም» አለችኝ።

ስለ አይጦቹና ስለ ሕክምና ተማሪዎቹ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ተመልሶ ያድጋል ነው የሚሉት?» ብላ ጠየቀች። «አዎ፣ ዕረፍት ካገኘ» አልኳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኞቿ ማታ ማታ ደውለው «ተኚ» ይሏት ነበር። ከጥናት በኋላ አብረዋት በእግር ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ በመንገድም ይጸልያሉ። ማክዩን አንጎልን ያግዛሉ ካላቸው ነገሮች መካከል በቂ እንቅልፍ፣ የአካል እንቅስቃሴና የሰዎች ድጋፍ ይገኙበታል። ልጆቹ ይህን አያውቁም ነበር፤ ስለወደዷት ብቻ አደረጉት። እሷም ፈተናውን ተቀመጠች። ውጤቷ የራሷ ነውና እዚህ አልጽፈውም።

በመካከላችን የሚጨነቅን ሰው «እምነትህ ጎድሎ ነው» ማለት ይቀለናል። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ በታች ሆኖ መሞትን ሲለምን ግን መልአኩ ወቀሳ አላመጣለትም፤ እንጎቻና ውሃ ነው ያመጣለት። ነቢዩም በልቶ እንደገና ተኛ። ረጅሙ መንገድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ እናንተ ተፈታኞች፣ ያጠናችሁት ሲጠፋባችሁ ደንቆሮ ሆንን፣ ወይም ተተውን አትበሉ። ሰውነታችሁ ሸክሙ እንደ በዛበት እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል። ጸልዩ፤ ከዚያም መጽሐፉን ዘግታችሁ ተኙ። ጭንቀቱ ለሳምንታት አልለቅ ካለና መብላት መተኛት ከከለከላችሁ፣ ለወላጅና ለሐኪም ተናገሩ። እናንተ ጓደኞቻቸው ደግሞ «እየጸለይኩልህ ነው» ካላችሁ በኋላ፣ ማታ ደውላችሁ መተኛቱን ጠይቁት።