ቀለሙ ሳይጠፋ

እናንት የከተማ ልጆች፣ እስቲ ልጠይቃችሁ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከካፌ በቀር መሄጃ የለም ያለው ማነው? ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ፣ የመናገሻ ሱባ ደን አለላችሁ። ጥዱና ዝግባው ተቃቅፎ ፀሐይ አያስገባም። ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ያስተከሉት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው ይባላል።

በጠዋት ገብታችሁ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ባላገሩ ሶሪት የሚላት ወፍ ከላይ ትጮሃለች። አረንጓዴ ስለሆነች ቁጭ ስትል ከቅጠሉ አትለይም። ብድግ ብላ ክንፏን ስትዘረጋ ግን... ደም የመሰለ ቀይ! ይህ ቀለም በሶሪትና በዘመዶቿ ላባ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ውስጡ መዳብ አለበት።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ውበት ወረቀት ላይ ይቀራል? ዕድሜውን በዚህ የጨረሰ ሰው ነበር፤ አሜሪካዊው የወፍ ሰዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርተስ። በ1926 እና በ1927 እ.ኤ.አ. ከቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ቡድን ጋር መጥቶ አገራችንን በበቅሎ ዞሯል። ወፍ ሲሞት ላባው ቢቆይም የዓይኑ፣ የምንቃሩና የእግሩ ቀለም ወዲያው መጥፋት ይጀምራል። ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ የከረመ ወፍ ዓይኑ ጥጥ ነው። ስለዚህ ሰውየው የተተኮሰውን ወፍ ገና ትኩስ እያለ ይስለው ነበር። ያኔ ወፍ የሚጠናው እየተገደለ ነው፤ ያሳዝናል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

አገሩ በተመለሰ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ኦገስት 22 ቀን 1927፣ የኢትዮጵያ ሥዕሎቹን ለወዳጁ አሳይቶ በመኪና ሲመለስ ሐዲድ ማቋረጫ ላይ ባቡር ገጨው። በ53 ዓመቱ ሞተ። ሥዕሎቹ ግን ከመኪናው ተስፈንጥረው ወድቀው ምንም ሳይሆኑ ተገኙ! በ1930 ከመካከላቸው 32ቱ በአልበም ታተሙ።

እንግዲህ ምክሬ ይህች ናት። ደኑን ስትጎበኙ እርሳስና ደብተር ያዙ። በስልክ ፎቶ ማንሳት አይከፋም፤ ችግሩ ጠቅ አድርገን እናልፋለን። ልትስሉ ስትነሱ ግን “ምንቃሯ ምን ዓይነት ነበር?” ብላችሁ ደግማችሁ ታያላችሁ። ሥዕሉ ቢያስቅ ምን ቸገራችሁ! አብራኝ የሄደች አንዲት ልጅ የሳለቻት ሶሪት ዶሮ ነው የምትመስለው። ሆኖም ቀዩ ከክንፏ የቱ ጋ እንደሚጀምር ዛሬም ብትጠይቋት በጣቷ ታሳያችኋለች።

ደኑ ከተመነጠረ ሥዕሉ ቺካጎ ይቀር ይሆናል፣ ወፏ ግን የለችም። ሰዓሊው ወፍ በቅርብ ለማየት ጥይት አስፈልጎታል። ከእኛ የሚፈለገው ለአፍታ ዝም ብሎ መቆም ብቻ ነው። እሱም ካቃተን... እንግዲህ ወደ ካፌያችን!