የውሃው ጉድለት

በሎንዶን በብዙ ቤቶች ክፍሉንም የመታጠቢያውንም ውሃ የሚያሞቀው በግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ የጋዝ ቦይለር ነው፤ እርሱ የቆመ እንደ ሆነ ቤቱ በሙሉ ይቀዘቅዛል። በጥር ወር ከእናቴ ጋር ዐራስ እኅቴን ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ የገጠመን ይኸው ነው፤ ሕፃኑም ገና የዘጠኝ ቀን ልጅ ነበር።

ጋዙ የተቋረጠ መስሎን ነበር፤ የጎደለው ግን ውሃ ነው። በማሞቂያው ቧንቧዎች ውስጥ የሚዞረው ውሃ ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 1.5 ባር የሚደርስ ግፊት ሊኖረው ሲገባ፥ መርፌው ከግማሽ ባር በታች ወርዶ አገኘነው። ቦይለሩም ያለ በቂ ውሃ እንዳይነድ እሳቱን በራሱ አጥፍቷል። እናቴም፥ «ድስቱ ሳያር እሳቱን ማውጣቱ ዐዋቂ ነው» አሉ።

የእኅቴ ባል መመሪያውን አንብቦ ቦይለሩን አጠፋ፤ ከከተማው ውሃ የሚያገናኘውን ቱቦ ሁለት መክፈቻዎችም በዝግታ ከፈተ። ውሃው እየፏጨ ገባ፤ መርፌው ከ1 ባር ጥቂት ሲያልፍ ሁለቱንም አጥብቆ ዘጋ። ከመክፈቱ ይልቅ መዝጋቱ ጥንቃቄ ይሻል፤ ግፊቱ 3 ባር ገደማ ከደረሰ ትርፉ በመከላከያው ቧንቧ ወደ ውጭ ይፈሳልና። ግፊቱ ደጋግሞ የሚወርድ ከሆነ ግን የሚያንጠባጥብ ስፍራ ወይም ሌላ ብልሽት ስለሚኖር፥ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መጥራት ግድ ነው።

በዚያው ማታ ሕፃኑ ታጠበ። እናቴ ግን እስክንመለስ ድረስ በየጧቱ ከቡናው በፊት መርፌውን ያዩ ነበር።