ጉልበቴ ለምን ያመኛል?

ጉልበቴን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ካስቀየርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ዛሬም ደረጃ ስወርድ ያመኛል፤ ሌሊት ይጠዘጥዘኛል። ልጆቼ «እማዬ፣ ገንዘብ አዋጥተን ውጭ እናሳክምሽ» ይሉኛል። ዘመኔን በነርስነት ያሳለፍኩ ነኝና ምክንያቱ ሳይታወቅ እሺ አልልም፤ እንዲያ ያለ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ ሕመሙን አያስቀርም። መገጣጠሚያው ላልቶ፣ ኢንፌክሽን ገብቶ፣ ወይም ሕመሙ ከዳሌ ወይም ከወገብ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን የምፈልገው ይህን አንድ በአንድ የሚለይልኝ የአጥንት ሐኪም ነው። የድሮውንና የአሁኑን ራጅ፣ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ፣ የተተከለልኝን መገጣጠሚያ ዓይነትና መጠን የሚገልጸውን ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ። ከጉልበቴ ፈሳሽ ተወስዶ ሳይመረመር አንቲባዮቲክ በራሴ አልጀምርም፤ ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል።

«ቀዶ ሕክምና አያስፈልግዎትም» ቢለኝም መልስ ነው፤ የልጆቼም ገንዘብ ይተርፋል።