የሚዞር ብረትና የልጆቻችን እጅ

በጅማና በአካባቢዋ ቡና በሚለቀምበት ወራት ከነጋዴው ይልቅ ፋታ የሚያጣው፣ በመርካቶ ዙሪያ ብረት የሚቀርጸውና የሚበሳው ባለሙያ ነው። ታጥቦ የሚዘጋጀው ቀይ ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ስለዚህ በአጋሮ ወይም በሊሙ የአንዱ መፈልፈያ ዘንግ የተሰበረ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱ ብረቱን ይዞ መጥቶ «ዛሬውኑ ሠርታችሁ ስጡኝ» ይላል። እንግዲህ በዚህ ጥድፊያ ውስጥ በመኪናው ፊት የሚቆመው የማን ልጅ እንደ ሆነ ማሰብ ይገባናል።

እኔ ሥራዬ የፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ስለ ሆነ ከብረት ጋራ ብዙ ትውውቅ አልነበረኝም። የእኅቴ ልጅ ይህን ሙያ ለመማር በገባ ጊዜ ግን እናቱ ለእጁ ሳስታ ጥሩ ጓንት ገዛችለት። የሚያስተምረውም ባለሙያ ጓንቱን ተቀብሎ በግድግዳ ላይ ሰቀለው። እኅቴ አዝና እኔን አስከትላ ምክንያቱን ልትጠይቅ ብትሄድ፣ ሰውየው በትሕትና «እናቴ፣ ቢላዋ ይቆርጣል፤ የሚዞር ብረት ግን ይስባል። ጓንቱ ብረት ሲሸከም ይጠቅመዋል፤ መሰርሰሪያው ሲዞር ግን ጫፉ ከተያዘ ጣቱን፣ ጣቱም ክንዱን ያስከትላል» አላት። በእውነትም በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞር ፑንታ በአንድ ሰኮንድ 10 ጊዜ ይዞራልና፣ ሰው ደንግጦ እጁን እስኪሰበስብ አይጠብቀውም። ስለዚህ ሰፊ እጅጌ፣ የአንገት ልብስ፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ሁሉ በዚያ ስፍራ ጠላቶች ናቸው፤ ለዓይን መነጽር ግን የግድ ያስፈልጋል።

ከዚያም ወዲህ ጠይቄ የተረዳሁት ይህ ነው። የሚበሳው ብረት ትንሽም ቢሆን በሞርሳ ይታሰራል እንጂ በእጅ አይያዝም፤ ፑንታው በታች በኩል ብቅ ሊል ሲል ብረቱን ነክሶ ከራሱ ጋራ ሊያዞረው ይችላልና፣ በዚያች ሰዓት ግፊቱን ማላላት ይገባል። ፑንታው በወፈረ መጠን ፍጥነቱ ይቀነሳል። ፑንታው የተጠበቀበትም ቁልፍ መኪናው ሳይነሣ ይወጣል፤ ተረስቶ የቀረ እንደ ሆነ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረወራል። ብረትን በሚዞር ጥርስ በሚፍቀው በፍሬዛ ላይ ደግሞ ብረቱ የሚገፋው ከጥርሱ አዟዟር በተቃራኒ ነው፤ ከጥርሱ ጋራ አብሮ የሄደ እንደ ሆነ፣ ይልቁንም ባረጀ መኪና ላይ፣ ጥርሱ ብረቱን ስቦ ይነጥቀዋል። ፍቅፋቂው በቡሩሽ ይጠረጋል፤ ልኩም የሚለካው ሁሉ ነገር ከቆመ በኋላ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው ግን የመብራት መጥፋት ነው። መኪናው ዝም ሲል ልጁ ሥራው ያለቀ መስሎት ሊጠርግ እጁን ያስገባል፤ ማብሪያው እንደ ተከፈተ ከቀረ ግን መብራቱ ሳይታሰብ ሲመለስ ብዙው መኪና በራሱ ይነሣል። ስለዚህ መብራት በጠፋ ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ማብሪያውን መዝጋት ነው።

የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳይቀጠር ይከለክላል፤ 15 ዓመት ሞልቶት 18 ያልደረሰውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይወስናል፤ አሠሪውም ስለ አደጋው እንዲያስተምርና መከላከያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን የጠፋች ጣት ወደ መዝገብ ስትገባ ጉዳቷ በመቶኛ ተቈጥሮ ይጻፋል፤ ካሣዋም ይከፈላል፤ ጣቲቱ ግን አትመለስም።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። የቡና መፈልፈያ ያላችሁ ሰዎች ሆይ፣ መኪናችሁን በክረምት ሥራ ፈትቶ ሳለ አስመርምሩት፤ ያን ጊዜ የሚሠራው እጅ አይጣደፍም። እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ ማታ ሲገባ ስንት እንዳገኘ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንዳደረገ ጠይቁት።