ብርሃኑ ለእኔ፣ ጥላው ለእኅቴ

ባለፈው ዓመት ኮፐንሃገን በሚኖር አንድ ዘመዴ ቤት በእንግድነት ሰንብቼ ነበር። ማታ ማታ የማነበው ሦስት የተደራረቡ ክዳኖች ባሉት የጠረጴዛ መብራት ሥር ነው። ብርሃኑ ወረቀቱን ያጥለቀልቀዋል፤ አምፖሉ ግን ዓይን ውስጥ አይገባም። ዋጋውን ብጠይቀው ዘመዴ ስቆ ዝም አለኝ።

ውድ አንባቢያን፣ በዚያ መብራት ሥር ተቀምጬ ሐሳቤ የነጎደው ወደ ከሚሴ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ወዳለችው፣ ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ፣ ወደ ልጅነቴ።

እኛ ቤት የነበረው ኩራዝ ነው። ከባዶ ጣሳ የተሠራ፣ በጥጥ ክር ነጭ ጋዝ እየሳበ የሚነድ፣ ጠዋት አፍንጫችንን ጥላሸት ሞልቶ የሚያስነሣን ኩራዝ። አያቴ በኦሮምኛ «ኢብሳ» ትለው ነበር። እኔ ሳጠና ታናሽ እኅቴ እንድትተኛ፣ እናቴ የደብተር ሽፋን አጥፋ በኩራዙና በሕፃኗ መካከል ታቆማለች። ብርሃኑ ለእኔ፣ ጥላው ለእኅቴ።

ያንን የኮፐንሃገን መብራት የነደፈው ፖል ሄኒንግሰንም በ1894 እ.ኤ.አ. ተወልዶ ያደገው በነጭ ጋዝ መብራት ነው። የኤሌክትሪክ አምፖል ዓይን የሚወጋ ሆኖ ስላገኘው፣ የልጅነቱን ለስላሳ ብርሃን ለመመለስ ክዳኖቹን በስሌት አጎበጣቸው። በ1920ዎቹ አጋማሽ የወጣው ይህ ንድፍ እስከ ዛሬ ይመረታል። ሰውየው ብዕሩ የሰላ ሐያሲም ነበር። አገሩ በጀርመን ወረራ ሥር ሳለች፣ በ1941፣ ለቲቮሊ መናፈሻ ከሰማይ የማይታይ መብራት ሠራ። በ1943 ግን እርሱም፣ ኋላ በ1957 በስሙ የሚታወቀውን የጠረጴዛ መብራት የነደፈው አርነ ያኮብሰንም ባሕሩን ተሻግረው ወደ ስዊድን ተሰደዱ።

ይህን ሳነብ እናቴ ያጫወተችኝ ትዝ አለኝ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከሚሴ በደረሰ ጊዜ፣ ያንን አሮጌ ኩራዝ ከጓዳ አውጥታ፣ ብርሃኑ በመስኮት እንዳይታይ በደብተር ሽፋን ጋርዳ ሌሊቱን ስትጠብቅ ታነጋ ነበር። ስለ ቲቮሊ ሰምታ አታውቅም። ለልጅ እንቅልፍ ያበጀችውን ዘዴ ለነፍሷ አዋለችው።

እኛ ስለ ብርሃን ስናወራ የምንቈጥረው ሜጋዋት ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 5,150 ሜጋዋት ሲባል ስሰማ እኔም ደስ ብሎኛል፤ ለምን እዋሻለሁ? ነገር ግን ከሕዝባችን ወደ ግማሽ የሚጠጋው ገና የኤሌክትሪክ ብርሃን አላገኘም። ያገኘውም ቢሆን ሰላም ከሌለው ያበራውን መልሶ ይጋርዳል።

ስለዚህ ሹሞቻችን ቁጥሩን ሲነግሩን፣ እናቴ በአንድ የደብተር ሽፋን የመለሰችውን ጥያቄ እንጠይቃቸው፦ ከብርሃኑ ሥር የተቀመጠው ማን ነው? በሰላም መተኛት ያለበትስ? ማንም እናት መብራቷን የምትደብቅበትን ሌሊት ዳግም አያምጣብን።

ቸር ይግጠመን!