የከፈትኩት በር



ጉለሌ ያለው ቤታችን ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አለን፤ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሦስት አካውንት አለው፦ የእኔ፣ የእህቴና ለጎረቤት ልጆች የከፈትነው «እንግዳ»። ሊኑክስ የአንዱን ፋይል ከሌላው ይጠብቃል። ስክሪኑንና ድምፁንም በወቅቱ ስክሪኑ ላይ ላለው ሰው ብቻ ይሰጣል።

እኔ ፕሮጀክቴን ስሠራ እህቴ ከራሷ አካውንት ቂርኣት መስማት ትፈልጋለች። ከእኔ ሳልወጣ የእሷን ፕሮግራም ላስነሳ ስል ስክሪኑን መክፈት እንደማይችል ነገረኝ። «ኤክስሆስት» ብዬ የመደመር ምልክት ጨመርኩበት፤ መስኮቱ ተከፈተ። ለድምፁ ደግሞ ፐልስኦዲዮ ማንነት የማይጠይቅ የጋራ መግቢያ እንዲከፍት አደረግኩ። ድምፁ መጣ፤ እህቴም ዱዓ አደረገችልኝ።

አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ሒፍዟን ስትከልስ ቆም አለችና «ይሄ ማይክ እኔንም ይሰማል እንዴ?» አለችኝ። «አይሰማም» አልኳት። እሷ ስትቀጥል እኔ በ«እንግዳ» ስም ገብቼ የመቅጃ ትዕዛዝ ጻፍኩ። መልሼ ሳጫውተው የእሷ ድምፅ ነው። ከኡስታዛዋ በቀር ማንም ፊት አትቀራም። ዝም አለች። ፋይሉን ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን ለሙከራ ብዬም ቢሆን ሳላስፈቅድ የቀዳኋት እኔው ነበርኩ።

መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን ሱረቱ ኑርን ሲያስተምሩን ሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባት እንደማይገባ፣ ሦስት ጊዜ ጠይቆ ካልተፈቀደ መመለስ እንደሆነ ነግረውናል። እኔ ግን አስፈቃጅ የሌለው በር ከፍቼ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ በተጀመረው የኤክስ ሥርዓት አንዴ የገባ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት ማየት፣ የሚተየበውንም መከታተል ይችላል። በፐልስኦዲዮም ለማጫወት የተፈቀደለት መቅዳትም ይችላል። ዌይላንድ የሚባለው አዲሱ ሥርዓት መስኮቶችን አንዱን ከሌላው ይጋርዳል፤ የእኛ አሮጌ ኮምፒውተር ግን ገና በኤክስ ላይ ነው።

በማግስቱ «ኤክስሆስት» በመቀነስ ምልክት ዘጋሁት። ቀጥሎ «ኤስአይ፣ ሎካልዩዘር» ብዬ የእህቴን ስም ብቻ አስገባሁ። ድምፁንም እኔና እሷ ብቻ ላለንበት ግሩፕ ሰጠሁ። ማይኩን ሥራ ሲያልቅ እነቅለዋለሁ።

ዶርም ውስጥ ላፕቶፕ የምትጋሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ችግራችሁን ቶሎ የሚፈታ ትዕዛዝ ስታገኙ ለማን በር እንደሚከፍት አስቀድማችሁ እዩ። የጓደኛ ድምፅም አማና ነው። እህቴ አሁን እዚያው ክፍል ትቀራለች፤ መጀመሪያ ግን የማይኩን ገመድ ታያለች።